መውጫ የሌለው የዘንባባ ጎጆ

ለውድ ወንድሜ ለፓንዱ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ሙስካት ይድረስህ። እኛ ዛንዚባር፣ አላህ ይመስገን፣ ደኅና ነን። የምናለማው የባሕር ሣር ግን ውሃው ሞቆበት ነጣ። ማዕበሉም ወደ እናታችን መቃብር ተጠግቷል፤ አባባ በየማታው እዚያ ይቀመጣሉ።

የአዲስ ዓመቱ በዓል አለፈ። ወንዶቹ እንደ በዓሉ ወግ በሙዝ ግንድ ተደባድበው ታረቁ፤ እኛ ሴቶቹም እየዘፈንን ሰደብናቸው። አሮጌውን ዓመት ለመሸኘት የሚቃጠለው የዘንባባ ጎጆ ውስጥ የገቡት እንደ ልማዳቸው አባባ ናቸው። ፊት ለፊቱ ሲለኮስ በኋላው ቀዳዳ ሾልከው መሮጥ ነበረባቸው። ዘገዩ። ጎረቤታችን ማካሜ ዘሎ ገብቶ ጎትቶ አወጣቸው።

«ሽማግሌው፣ እንቅልፍ ወሰደዎት እንዴ? ዓሣ እየጠበስን እኮ አይደለም!» አላቸው። ሰዉ ሁሉ ሳቀ።

አባባ አልሳቁም። «አንተን ማን ጠራህ?» አሉት።

አሁን ደግሞ ለመጪው ዓመት የሚሆነውን ጎጆ ከወዲሁ ጓሯችን ውስጥ ጀምረዋል። ዘንባባውን ሲጎነጉኑ እጃቸው አሁንም ያምራል። ከኋላ ግን ቀዳዳ አልተዉለትም።

«አባባ፣ መውጫው የታል?» አልኳቸው።

«በገባሁበት እወጣለሁ፣ ልጄ።»

እሳት የሚለኮሰው በዚያ በኩል ነው።

ለሶላት ሲሄዱ ጠብቄ የኋላውን በቢላ እቀደዋለሁ። ሲመለሱ አይቆጡኝም፤ መልሰው ይሰፉታል። ትናንት ወፍራም ገመድ ጨመሩበት።

ፈቃድ ካገኘህ ከበዓሉ በፊት ና፤ አልጋህን አንጥፌልሃለሁ። አባባም ሰላም ይሉሃል። ስትመጣ ስለታም ቢላ ይዘህልኝ ና፤ የእኔው ደነዘ።

እህትህ ምዋናሻ