የደብሊኑ ክርክርና የእኛ ሰላምታ

ልጄ ብስራት፣ እመብርሃን እዚያው ደብሊን ካለሽበት ትጠብቅሽ። እኛ ደህና ነን፤ ሰፈራችን ላንድማርክ በርዷል፣ ወንድምሽ ቢንያምም የሥራ ሺፍት ቀይሯል።

ለአየርላንድ ፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩትን እጩዎች በክርክሩ ላይ ከታዳሚው መሀል ሆነሽ ስትጠይቂ በቲቪ ላይቭ እንድናይሽ የማኅበሩን ሴቶች ጠርቼ ነበር። እጩዎቹ አንዱ የአንዱን ንግግር ሲያቋርጥ «አሳዳጊ የበደላቸው!» እያልን ስንቆጣ አመሸን። ልክ ማይኩ አንቺ ጋ ሲደርስ እትዬ እታለማሁ ገቡ። ሁላችንም ብድግ አልን፤ ተሳስመን፣ ጤና ተጠያይቀን ስንቀመጥ አንቺ ጨርሰሻል።

ኋላ ቢንያም መልሶ አሳየኝ። ሴቶቹ ሄደዋል፤ ብቻዬን ምኑን እልል ልበል?

በሄድሽበት ሞገስ ይስጥሽ። ለሚመጣው ማኅበር ደውዪና ያንኑ ጥያቄ ለሁላችንም ጠይቂልን፤ ጳጳስ ቢገቡ እንኳ ከመቀመጫዬ አልነሳም።

እናትሽ ባዩሽ