ለጣሊያን ንጉሥ የተጻፈው አቤቱታ

አሰላሙ ዓለይኩም አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አዋሽ ያለው ሻይ ቤትህ አልተዘጋም፤ ወንድሜ ከድር ይዞታል። ደንበኞቹ አሁን የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች ናቸው። በድሮው ባቡር ጣቢያ በኩል ያለችውን አግዳሚህን ማንም እንዳይወስዳት ብሎ በሰንሰለት አስሯታል፤ ብታየው ትስቅበት ነበር። እኔም ያው ሰመራ ታሪክ አስተምራለሁ። ሙቀቱን ታውቀዋለህ።

ዛሬ የምጽፍልህ ሳጥንህን ስለከፈትነው ነው። ከድር ቤቱን ቀለም ሊያስቀባ ዕቃ ሲያወጣ፣ ከቆርቆሮ ሳጥንህ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አገኘና ላከልኝ። አያቴ ለጣሊያን ንጉሥ ያጻፈው አቤቱታ ነው።

ስለዚህ ወረቀት እየሰማን ነው ያደግነው። አያቴን ወሎ ላይ ከጣሊያኖች አውሮፕላን የወረደው መርዝ ጀርባውን ልጦት፣ ጦርነቱ አልፎ ጣሊያን ከአገር ከወጣ በኋላም ሸሚዝ መልበስ አይችልም ነበር። ንጉሣቸው ቢሰማ ኖሮ ይህን አያስደርግም ነበር ብሎ ጸሐፊ ፈልጎ አስጻፈ። ከዚያ ገና ጺም ያላወጣኸውን አንተን ወረቀቱን አስይዞ አዋሽ ሰደደህ፤ ባቡሩ ጅቡቲ፣ መርከቡ ሮም ያደርሰዋል ብሎ። ልኬው ነበር ትለን ነበር። መልስ አልመጣም፤ አንተም አዋሽ ቀረህ።

እኔ ታሪክ ተምሬ ስመጣ ክርክራችን ተጀመረ። ጦርነቱን ያመጣው ጠቅላይ ሚኒስትራቸው ነው፣ ንጉሡ ፈራሚ ብቻ ነበር ባይ አንተ ነበርክ። እኔ ደግሞ ታዲያ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መባልን ማን ተቀበለ እልሃለሁ። አንተ ሻይህን እያማሰልክ፣ አልሰማም፣ አልደረሰውም ትላለህ። በሌላው ነገር ሁሉ ስትረታ እሺ የምትል ሰው፣ በዚህ ብቻ ግግም ትል ነበር። በታመምክበት ዓመት፣ ለአንድ ንጉሥ ብለህ የአባትህን ጀርባ ረሳኸው አልኩህ። ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ያን ቃል መልሼ ብውጠው ደስ ይለኝ ነበር።

ወረቀቱ ባቡርም መርከብም አላየም አባዬ። ከጀርባው፣ ፊደል ከቆጠርክ በኋላ መሆን አለበት፣ በራስህ እጅ ጽፈህበታል። ከጣሊያን ጋር ትጻጻፋለህ ብለው እንዳይዙኝ ፈራሁ፣ አባቴን ልኬዋለሁ ብዬ ዋሸሁት ይላል። አልሰማም ስትለኝ ለንጉሡ ጥብቅና የቆምክ ይመስለኝ ነበር። ለካ ራስህን ስትከስ ነው የኖርከው። አንጀቴን በላኸው።

ባለፈው ሳምንት ወዳጅህ ሐጂ ሑመድ ከአፋምቦ መጥተው ዳጉ ጠየቁኝ። አፋር ሲገናኝ ያየውን የሰማውን ሳይለዋወጥ እንደማይተላለፍ አንተው ነህ ያስተማርከኝ። ስለዚህ ከሕመምህ ጀምሬ እስከ ወረቀቱ ድረስ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። በዱላቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉና፣ ያ ንጉሥ ሰዎቹ ከእኛ አገር ሲመለሱ ምን ሠርታችሁ መጣችሁ ብሎ አልጠየቃቸውም ወይ አሉኝ። እንጃ አልኳቸው። ግመል ጠባቂ እንኳ ይጠይቃል አሉ፤ ሳይጠይቅ የቀረ ሰው አልሰማሁም ቢል ማን ይቀበለዋል አሉ።

ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር እንዲህ አድርጌ አስረድቼ አላውቅም። ንጉሡ የትኛውን ትእዛዝ እንዳወቀ፣ የትኛውን እንዳላወቀ ዛሬም በእርግጠኝነት አልናገርም። ጠቅላይ ሚኒስትሩም ከበደሉ አይወጣም። ግን ጄኔራሎቹ እጅ የሚነሱት ንጉሡን ነበር። የአገራችንን ማዕረግ ሲሸከም፣ በምን መንገድ እንደመጣለት ለመጠየቅ የአንድ የወሎ ገበሬ ወረቀት አያስፈልገውም ነበር። አንተ ያስቀረኸው ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የተጻፈ አቤቱታ ነው። መርዙን ያወረድከው አንተ አይደለህም፤ ያላስቆምከውም አንተ አይደለህም።

ወረቀቱን አሁን የምንልክለት ሰው የለም። ትምህርቱ እዚያ ጦርነት ላይ በደረሰ ቁጥር ግን፣ የአያቴንና ያንተን ስም ጠርቼ ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ። ከወረቀቱ ጀርባ የጻፍከውንም አልደብቅም፤ የንጉሥን ዕዳ አንድ የሻይ ቤት ሰው ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት እንደኖረ ይወቁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ ይህን አላስታጉልም።

አላህ ይዘንልህ። አሁን ፊትህን ከግድግዳው መልስ አባዬ።

ልጅህ ዘሃራ
ሰመራ