የታካሚያቸውን ስም አሳልፈው ያልሰጡት ሲስተር አፀደ ገብረ መድህን

ሲስተር አፀደ ከአባታቸው ከአቶ ገብረ መድህን ወልደ ሰማያትና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻረግ ደምሴ በ1953 ዓ.ም. በሁሩታ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የገብስ ነጋዴ ስለነበሩ አማርኛና ኦሮምኛ እኩል በሚሰማበት ቤት አደጉ። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሁሩታ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በአሰላ አጠናቀው በነርስነት ሙያ በ1974 ዓ.ም. ተመረቁ። ሥራ የጀመሩት በሮቤ ነው። በ1977 ዓ.ም. ከአቶ በእውቀቱ ኃይሌ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሮሐንና ትንቢትን ወለዱ። ቤተሰቡ ወደ አሰላ ከተዛወረ በኋላ ብዙ ነርሶችንና አዋላጆችን አሠልጥነዋል። በሥራ ላይ ቁጡ ነበሩ፤ እጁን ሳይታጠብ ታካሚ የነካ ተማሪ ቁጣቸውን ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት እሳቸው ወደሚሠሩበት ጤና ጣቢያ አንድ ታካሚ መጣ። ሴት ሆኖ ተወልዶ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ግን ራሱን ወንድ ብሎ የሚያውቅ፣ እንደ ወንድም የሚኖር ሰው ነበር። ማህፀኑ እየደማ ሐኪም ፊት መቅረብ ፈርቶ ቆይቶ፣ ሲብስበት ጊዜ ነው የመጣው። የመረመረው ባለሙያ ሌሎቹን ጠርቶ አሳያቸው። በሩ ላይ ተሰብስበው ሳቁ። ታካሚው ልብሱን እንደ ምንም ለብሶ፣ እየደማ ወጥቶ ሄደ።

ሲስተር አፀደ ይህን ሲሰሙ ጋዋናቸውን ሳያወልቁ በባጃጅ ተከተሉት። መናኸሪያው አጠገብ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ አገኙት።

“ማን ብዬ ልጥራዎት?” አሉት።

ስሙን ነገራቸው። “ከአጠገብዎ አልለይም፤ የማይመለከተው ሰው አይገባም” ብለው ወደ ሆስፒታል ወሰዱት፤ ቀዶ ሕክምናው እስኪያልቅም ከበሩ አልተነሡም። ሰውየው ተረፈ።

ከዚያ ወዲህ በሥልጠናቸው ላይ አዲስ ትምህርት ጨመሩ። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ “አንተ” ወይም “አንቺ” ለማለት አትቸኩሉ፣ “እርስዎ” በሉ፤ ስሙን ጠይቁና በነገራችሁ ስም ጥሩ፤ መጋረጃውን ሳቡ፤ ለሕመሙ የማይጠቅም ጥያቄ አትጠይቁ፤ ያያችሁትን ይዛችሁ አትውጡ ይሉ ነበር። አንድ ሠልጣኝ ተነሥቶ “ሲስተር፣ ይህን ነገር ልክ ነው በሉ ነው የሚሉን?” ሲላቸው፣ “እኔ የማስተምራችሁ ደም ማቆም ነው። ሰውየው ከእናንተ ከሸሸ ግን ደሙን በምን ታቆማላችሁ?” አሉት።

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ከባህልና ከሃይማኖት የወጣ ነገር ያስተምራሉ ተብለው በመሥሪያ ቤታቸው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረቡ። ሰብሳቢው “የሰውየውን ስም ይንገሩንና እርስዎ በሰላም ወደ ሥራዎ ይመለሱ” አሏቸው። ስሙ ከወጣ ሰውየው እንደሚታሰር፣ ምናልባትም እንደሚደበደብ ሲስተር አፀደ ያውቁ ነበር።

“ስሙን የነገረኝ ታሞ ነው። ለእናንተ ልሰጠው የእኔ አይደለም” አሉ።

ከአሠልጣኝነታቸው ተነሥተው ሩቅ ገጠር ተመደቡ። የግቢያቸው በር በድንጋይ ተደበደበ፤ የማኅበር ጓደኞቻቸውም ከቤታቸው ቀሩ። አቶ በእውቀቱ “ለማታውቂው ሰው ብለሽ ልጆቼን መንገድ ላይ ታሰድቢያለሽ?” ብለው ተቆጡ፤ ያንን ዐቢይ ጾምም ሳያነጋግሯቸው አሳለፉ። ሲስተር አፀደ ያን ጊዜ ሥልጠና የሚባል ነገር ሁለተኛ አላነሣም ብለው ነበር።

አንድ እሑድ ግን ከገጠር ወደ አሰላ መጥተው ሳለ በሥልጠናው ላይ የነበረች ፈይሩዛ የምትባል ወጣት ነርስ ቤታቸው መጣች። “ሲስተር፣ እኔ ጋ አንድ ሰው መጥታለች። ሴት ነኝ ትላለች፤ መታወቂያዋ ላይ ያለው ግን የወንድ ስም ነው። እንዳትሸሽብኝ ፈራሁ፤ ምን ላድርግ?” አለቻቸው። ሲስተር አፀደ ባለቤታቸውን አዩ። አቶ በእውቀቱ ተነሡ፤ በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት ዘግተው፣ ክፍሉን ለሁለቱ ለቀው ወጡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጤና ባለሙያዎች ዘመድ ጠያቂ መስለው አንድ በአንድ እየመጡ ይማሩ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡም በኋላ አላቋረጡም።

ሲስተር አፀደ ባደረባቸው የጉበት ሕመም በአሰላና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

ከዘመድ ወገን ይህ ታሪክ በቀብር ላይ እንዳይነበብ የለመኑ ነበሩ፤ ፍርሃታቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። አቶ በእውቀቱ ግን “ያኔ እሷ ኮሚቴው ፊት ብቻዋን ቆማለች። ዛሬ እኔ እቆማለሁ” አሉ። አሁን የምትሰሙት ድምፅ የእሳቸው ነው።

ሲስተር አፀደ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውንና ሦስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ቸሩ አምላክ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ እናቶች አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን አይንሣን። አሜን።