ማጭድ በገብርኤል ዕለት

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

እህቴ ወርቄ ዛሬም ከጅቡቲ ደወለች። ወደቡ አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ነው የምትሠራው። መርከቦቹ ወደቡን ለቀው ወጥተዋል፣ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ጎትተው መንገድ ላይ አውጥተዋል፣ አሠሪዋ መስኮቱን በጣውላ እያስመታች ነው። ከተማው በሙሉ አውሎ ነፋስ ይጠብቃል። ስም ሁሉ አውጥተውለታል አለችኝ፤ ክርስትና ሳይነሣ። እኔ ለእሷ ስጨነቅ እሷ ለእኔ ትጨነቃለች።

«እኔ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፣ ምንም አልሆንም። የሚያሳስበኝ ያንቺ ስንዴ ነው። እኛን ከመታ በኋላ ዝናቡ ወደ እናንተ ነው የሚወጣው፤ ቅዳሜ ማታ ወይ እሑድ ይላሉ» አለች።

ሬዲዮውም ይህንኑ ተናገረ። የቀበሌው የግብርና ባለሙያም የደረሰ ሰብል ሰብስቡ እያለ ዞሯል።

ልሰብስብ እንግዲህ። ነገ ሐሙስ፣ በየተራ የምንተጋገዝበት ወንፈል፣ ተራው የእትዬ አለሚቱ ነው። ዓርብ የወሩ ገብርኤል። ቅዳሜ ሰንበት። እሑድ ጽዮን ማርያም። የእኔ ተራ ሰኞ። ስንዴው ደግሞ ደርቋል፤ ሲነኩት ይረግፋል።

እሠራበት የነበረው የላሊበላ ሆቴል ከተዘጋ ወዲህ፣ በአባዬ መሬት ላይ በራሴ አሳብ ያስዘራሁት የመጀመሪያዬ ነው። ለአባዬና ለእኔ ከዚህ ሌላ የዓመት እንጀራ የለንም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18

የእትዬ አለሚቱን እርሻ ስናጭድ ዋልን። ድንበር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ግማሹ ተነሣ፤ የቀረውን ሰኞ ጠዋት ጨርሰን ወደ እኔ እንዞራለን ተባለ።

ምሳ ላይ ነገሩን አነሣሁት። ነገ የእኔን እንጨድ፣ ቅዳሜም የሁላችንንም እንሰብስብ አልሁ። ሳቁብኝ። የባሕር ነፋስ ላስታ ምን ሊሠራ ይመጣል? የአቡነ ዮሴፍን ጋራ በየትኛው እግሩ ይወጣዋል? ከዚያ ሳቁ ቆመ። ውሉን የማያውቅ የለማ። አንድ ዓመት በረዶ ሰፈሩን ባዶ ካስቀረው በኋላ የታሰረ ውል ነው፤ በበዓል ቀን ማጭድ ያነሣ፣ በረዶ ቢወርድ ተጠያቂው እሱ ነው። ከወንፈል ይወጣል። በሬ የሚያውሰው፣ አውድማው ላይ የሚያግዘው አያገኝም። ውሉን ካሰሩት ሽማግሌዎች አንዱ አባዬ ናቸው።

ስንመለስ የነፍስ አባቴ አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ጎራ ብዬ ይፍቀዱልኝ አልኋቸው። ለአንች ብፈቅድ ለሁሉም መፍቀዴ ነው፣ ሁሉም ደግሞ አልጠየቀኝም አሉ። ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ፈሩ።

ነገሩ ያስቀኛል፣ ያናድደኛልም። ዝናቡ ካልመጣ በዓል በከንቱ ሻርሁ። ከመጣ ደግሞ እኔ አመጣሁት። በሁለቱም በኩል ጥፋተኛ ከሆንሁ፣ ስንዴዬን ይዤ ጥፋተኛ ብሆን ይሻለኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 19፣ ገብርኤል

አጨድሁ።

መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ተሳለምሁ። ገብርኤልን፣ አንተ ታውቀኛለህ፣ ስለትህን አጓድዬ አላውቅም፣ ዛሬ አትቀየመኝ አልሁት። ማጭዱን ነጠላዬ ሥር ደብቄ ልወርድ ነበር። ኋላ ተናደድሁ። የሰረቅሁት ነገር የለኝ። ትከሻዬ ላይ አድርጌው በሰፈሩ መሐል አለፍሁ።

ረፋዱ ላይ እትዬ አለሚቱ ከድንበሩ ማዶ ቆመው፣ «አንች ታንጉት፣ ማጭዱን አስቀምጭ፤ ሰፈሩን ልታስጨርሺው ነው?» አሉኝ። ሲደጋግሙብኝ የአጨዳ ዘፈን ጀመርሁ። ተቀባይ የሌለው ዘፈን ያስጠላል፤ ቢሆንም እስኪሄዱ ድረስ ዘፈንሁ።

መዳፌ ተልጧል። ወገቤ የእኔ አይመስለኝም። ቀኑን ሙሉ ታግዬ እርሻው ገና ግማሽ አልሞላም። አባዬ ራት አልበሉም፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 20

ነፋሱ ሌሊቱን ጅቡቲ ገብቷል አለ ሬዲዮው። የወርቄ ስልክ አይሠራም። ደወልሁ፣ ደወልሁ፣ ከዚያ ስልኩን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ማጨዴን ቀጠልሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ።

እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከሁሉም ያናደደኝ እሱ ነው፤ እብድ አስመሰለኝ።

ከቀትር በኋላ አባዬ በዘንጋቸው መንገዱን እየዳሰሱ መጡ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ እርሻው ድረስ ብቻቸውን ከወረዱ ዓመት አልፏቸዋል። ሊገሥጹኝ ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ።

«ያጨድሽውን አምጭልኝ፣ ነዶ ልሰር» አሉ።

ውሉስ አልኋቸው።

«ውሉን ያሰርሁት እኔ ነኝ። ማጭድ አይነሣ ነው ያልነው። ነዶ አይታሰር ያለ የለም።»

እንዳይሰሙኝ ዞር ብዬ አለቀስሁ። እጃቸው አሁንም ከእኔ ይፈጥናል። እኔ እያጨድሁ፣ እሳቸው እያሰሩ፣ አህያዋ እየተመላለሰች ፍየሎቹ ያድሩበት የነበረውን የድንጋይ ቤት ሞላነው። ላስቲክ አለበስሁት፣ ላስቲኩ ላይ ድንጋይ ጫንሁ። ላይኛው ጥግ ብቻ ሳይታጨድ ቀረ። ፀሐይ ስትገባ በምሥራቅ በኩል ጥቁር ነገር ተነሥቶ ነበር። አባዬ አያዩትም፤ ግን አፍንጫቸውን ቀና አድርገው፣ መጣ አሉ።

እሑድ፣ ኅዳር 21፣ ጽዮን

በመጀመሪያ ነፋሱ፣ ከዚያ ዝናቡ፣ ሊነጋ ሲል በረዶው። በክረምትም እንዲህ ያለ አላየሁ። ቆርቆሮው ሲቀጠቀጥ ከአባዬ ጋር መደማመጥ አቃተን። ልክ ነበርሁ ማለት ነው። ደስ አላለኝም። እሺ፣ ትንሽ ብሎኛል፤ እዚህ ካልተናገርሁ የት እናገራለሁ።

ቅዳሴ ሄድሁ። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ፣ ከአክብሮት ግን አይደለም።

ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተሰብስበው ጠሩኝ። እትዬ አለሚቱ እያለቀሱ ተናገሩ። የቀረው ስንዴያቸው መሬት ላይ ተኝቷል። ለቅሷቸው ልቤን ነካኝ፣ እሷ ናት ያመጣችብን ማለታቸው ግን አንገበገበኝ። ነፋሱ ረቡዕ ባሕር ላይ ነበር፣ ማጭዴ ረቡዕ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር አልሁ። የሰማኝ የለም። አባዬ ተነሡ።

«ልጄ እዚህ ሆና የባሕር ነፋስ የምትጠራ ከሆነ ምን ትቀጧታላችሁ? መልሽልን ብላችሁ ለምኗት እንጂ» አሉ።

ጥቂት ሰዎች ሳቁ። አባ ወልደ ሰንበትም አፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ፍርዱ ግን አልቀረም። ንስሐ ገብቼ ሰፈሩን በይፋ ይቅርታ እስክጠይቅ ከወንፈል ወጥቻለሁ። ንስሐውን እገባለሁ፣ ለገብርኤል እሰግዳለሁ አልሁ። ሰፈሩን ግን ምን በድዬ?

ሰኞ፣ ኅዳር 22

ዝናብ። ብርድ። አባዬ ጉንፋን ይዟቸዋል።

ወርቄ ደወለች፣ ተመስገን። ምድር ቤቱ ውኃ ገብቶበት ድስቱ ሁሉ ተንሳፍፎ ነበር፤ እሷ ደህና ናት። ድምፄን እንደሰማች፣ ስንዴውስ አለች። ስንዴው ገባ፣ እኔ ግን ተባረርሁ አልኋት። ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ካርድ አለቀባት።

ላስቲኩን ገልጬ እጄን ነዶው ውስጥ ከተትሁ። ደረቅ ነው። ግን በማን በሬ አበራየዋለሁ? አባዬን ስጠይቃቸው፣ በዱላ እንወቃዋለን አሉ እያሳሉ። እንወቃዋለን። እስከ ጥምቀት ቢፈጅም እንወቃዋለን።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23፣ ጊዮርጊስ

ፀሐይ ወጣች። እንደ ክፉ ነገር ነው የወጣችው፤ የወደቀ እርጥብ ስንዴ ሙቀት ካገኘ እዚያው ይበቅላል። ዛሬ ጊዮርጊስ፣ ነገ ተክለ ሃይማኖት። ሰፈሩ በየደጁ ተቀምጦ እርሻውን ያያል።

የቀረችኝን ጥግ ላነሣ ወጣሁ። የተባረረ ሰው ሁለቴ አይባረርም። ወገቤን ሳቀና ከድንበሩ ማዶ የማጭድ ድምፅ ሰማሁ። እትዬ አለሚቱ ናቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ጭቃ ውስጥ ተንበርክከው፣ የተኛውን ስንዴ በእጃቸው እያነሡ ያጭዳሉ። ሲያዩኝ ቁጭ አሉ። የተኛ ስንዴ ሰው አይደብቅም።

ከእሑድ ጀምሮ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ጥሩ ንግግር ነው፣ አባዬም ወደውት ነበር። ምላሴ ላይ መጣ። እሳቸው ግን ቀና ብለው አላዩኝም። ዋጥሁት። ድንበሩን ተሻግሬ ከሌላው ጫፍ ማጨድ ጀመርሁ።

መሐል ላይ ስንገናኝ፣ «ሰው ቢያየንስ?» አሉኝ።

«ያየናል እንጂ» አልኋቸው።

አይቷል። ማታ ሽማግሌዎቹ ነገ ጠዋት ቅረቡ ብለው ላኩብን፣ ሁለታችንንም። እትዬ አለሚቱ ደጃችን መጥተው፣ ምን ብለን ነው የምንቀርበው አሉ። ማጭዳችንን ይዘን እንቅረብ፣ ሲጨርሱ በዚያው ወርደን የቀረውን እናነሣለን አልኋቸው። እሺ አላሉም። እምቢም አላሉም።