ራሙ ደህና ነበር

ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ

የኔ ልጅ፣ ሆዴ፣

ወሬው የደረሰኝ ቀን ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። የልብስ እጥበት ቤቱ ባለቤት መጥታ አጠገቤ ቆመች። «ምነው?» አልኳት። «ልጅሽን መኪና ገጭቶታል» አለችኝ። «ተርፏል?» ስላት ወደ መሬት አየች። እኔ ደግሞ ዞሬ የቀረውን የሸሚዙን እጅጌ ተኮስኩና ሰቀልኩት። ከዚያ ነው ሽርጤን የፈታሁት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ እስካሁን አላውቅም። አክስትሽ ድንጋጤ ነው ትላለች። ይሁን።

በወረቀት የምጽፍልሽ ስልክሽን ስላጠፋሽ ነው። ለወንድምሽ ኮምፒውተር ማፍጠኛ ብለሽ የላክሽውን ራም ያመጣችልን የሥራ ባልደረባሽ ፈቃዷን ጨርሳ እሁድ ወዳለሽበት አገር ትመለሳለች፤ በእጇ እልክልሻለሁ። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፣ እንደ ጉንዳን ነው የሚሄደው። ታግሠሽ አንብቢው።

ቀብሩ ላይ ስላልደረስሽ ማንም አልተቀየመሽም። ለአክስትሽ የጻፍሽላትን ግን አሳየችኝ። «ራሙን ባልልክለት ኖሮ ከቤት አይወጣም ነበር፤ ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ» ብለሽ ከዚያ ወዲህ ድምፅሽ ጠፋ። ያንን ካነበብኩ ጀምሮ መቀመጥ አቅቶኛል። ዕቃ አጥባለሁ፣ ያጠብኩትን ደግሜ አጥባለሁ። በር ከፍቼ አያለሁ፣ የሚመጣ የለም። አንዱን ቀበርኩ። ሌላዋ ምን ላይ እንዳለች አላውቅም።

ያን ምሽት ታስታውሺዋለሽ። ወንድምሽ የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቶ የድሮውን ራም አውጥቶ ያንቺን ሲያስገባ፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሞልሽ አብረሽን ነበርሽ።

«ገባ?» አልሽው።

«ገባ። ከእንግዲህ የሰው ሠርግ ቪዲዮ እየቆረጥኩ ስንት ሰዓት አልጠብቅም። አንቺ የሆቴል አንሶላ አንጣፊ፣ ዛሬ ገና ቁም ነገር ሠራሽ።»

አበራው። ማራገቢያው ዞረ፣ ትንሿ መብራት በራች፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ሆኖ ቀረ።

«ምን ይታያል?»

«መልኬ።»

«ውይ፣ እሱማ ያስፈራል፤ አጥፋው» አልሽው፤ ሦስታችንም ሳቅን። እኔም በሩ ላይ ቆሜ «እውነቷን ነው፣ አጥፋው፣ ቤቱን እንዳያነድብን» አልኩ። አጠፋው። መልሶ አበራው። ያኔስ ጠበቀ ይባላል? ጣቱን ከማብሪያው ላይ እንኳ አላነሳም። ሁለቱን ራሞችሽን አውጥቶ በላጲስ ጠረጋቸው፣ ቦታ አቀያየራቸው፣ አንዱን ብቻውን ሞከረ። ያው ጥቁር። የድሮውን ሲመልስለት ኮምፒውተሩ ወዲያው ተነሣ። «በቃ፣ የሞተ ዕቃ ነው የሸጡልሽ» አለሽ። አንቺም ሱቁን አፈርሰዋለሁ ብለሽ ፎከርሽ።

ጠዋት ሁለቱን ራሞች በመሀረብ ጠቅልሎ፣ ሻዩን ቆሞ ጠጥቶ፣ «ቀስ በቀስ ጋ ላስመርምራቸው» ብሎ ወጣ። ቀስ በቀስ ያልኩሽ ከዋናው መንገድ ማዶ ያለው ኮምፒውተር ሠሪ ነው። የያዘውን ሥራ ቶሎ ስለማይለቅ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ነው። ወደ እሱ ሲሻገር ነው ወንድምሽ የተገጨው። ሆስፒታሉ በሰጠኝ ፌስታል ውስጥ ቁልፉ፣ ቀበቶውና መሀረቡ ነበሩ። መሀረቡን ስፈታው ራሞቹ ጭረት እንኳ የላቸውም።

እጄ ዛለ። ነገ እቀጥላለሁ።

አርብ፣ ጠዋት

ረቡዕ ዕለት ያደረግኩትን ልንገርሽ። ከሥራ አስፈቅጄ ኮምፒውተሩን በአንሶላ ጠቀለልኩና ለእጄ ስለከበደኝ ታክሲ ይዤ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ «ምንድነው እትዬ፣ ከበደሽ አይደል?» አለኝ። «የልጄ ነው» አልኩት። ጠጋ አለልኝ።

የቀስ በቀስ ሱቅ ጠባብ ናት፤ ገመዱ ሁሉ እኛ ጋ ልብስ እንደሚሰቀለው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ሲያየኝ ተነሥቶ ወንበሩን ሰጠኝ።

«ወደ እኔ እየመጣ እንደነበር አላወቅኩም፣ እናቴ» አለኝ።

«አንተን ልወቅስ አልመጣሁም። እነዚህ ዕቃዎች ሞተዋል ወይስ ደህና ናቸው? እሱን ብቻ ንገረኝ።»

ከፈተው፣ አቧራውን እፍ አለው፣ ራሞቹን በሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪሉ ተጭኖ አስገባቸው። አበራው። ማራገቢያው ዞረ። ስክሪኑ ጥቁር።

«አየህ? አጥፋው» አልኩት።

«ይቆይ።»

«ምኑ ነው የሚቆየው?»

«አዲስ ራም ሲገባለት መጀመሪያ ራሱ ይፈትሸዋል። ፈትሾ እስኪጨርስ ምንም አያሳይም። መሐል ላይ ካጠፉት ደግሞ እንደገና ከሀ ይጀምራል።»

ተነሣሁ፣ ተቀመጥኩ። በሩ ላይ ወጥቼ መንገዱን አየሁ። ያንን መንገድ። ተመልሼ ገባሁ። ያው ነው። ቀስ በቀስ ሁኔታዬን አይቶ የብሎን ሣጥን ሰጠኝና «ረጅሙን ከአጭሩ ይለዩልኝ» አለኝ። መለየት ጀመርኩ። እሱ ለደንበኛ ስልክ መለሰ፣ ማዶ ካለው ሱቅ ገመድ አምጥቶ ተመለሰ። እኔ ጨርሼ ሣጥኑን ስከድን ማራገቢያው ድምፁን ቀየረ፤ ስክሪኑም በራ።

የይለፍ ቃል ጠየቀን። «ልክፈትልዎ? መላ አለው» አለኝ። ተወው አልኩት። እኔ የሄድኩት ሊነሣ እንደሚችል ለማየት ነው።

«ማን ነው በየመሐሉ ሲያጠፋው የነበረው?» አለኝ።

«እኛ ቤት ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ሰው አልተፈጠረም» አልኩት። ሊስቅ ጀምሮ አፈረና አፉን ያዘ። «ሳቅ፣ ግድ የለም» አልኩት።

ከዚያ ቤት ገብቼ ልንገርሽ ወይስ ልተው ስል መሸ። ራሙ የሞተ ነበር ብልሽ፣ የሞተ ዕቃ ልኬ አስገደልኩት ትያለሽ። ደህና ነበር ብልሽ ደግሞ፣ እንግዲያው በከንቱ ነው የወጣው ትያለሽ። አውቅሻለሁ፤ አንቺ ራስሽን ለመውቀስ በር አታጪም። ስለዚህ የሆነውን ነው የምነግርሽ። የላክሽው ዕቃ ደህና ነበር። ወንድምሽን የገጨው መኪና ነው። ለሳሙናም ይወጣ ነበር፣ ለጓደኛም ይወጣ ነበር፤ መቼ ቤት ተቀምጦ ያውቃል? ያንን መንገድ አንቺ አላሻገርሽውም። እንዲደሰት ብለሽ ላክሽለት፣ ተደሰተም። አይቼዋለሁ፤ ካርቶኑን ሲከፍት ያፏጭ ነበር።

ልመክርሽ አልችልም፤ ለራሴም ምክር አጥሮኛል። አንድ ነገር ብቻ እለምንሻለሁ። ስልክሽን አብሪው። አታንሺው፣ አታናግሪኝ። ማታ ማታ እደውላለሁ፤ ይጥራ። ሲጠራ ከሰማሁ እተኛለሁ።

እህል ብዪ። ፀጉርሽን ተሠሪ። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርሽ፣ የሄድሽበትን ያቅናልሽ፣ ዕድሜ ይስጥሽ። ዕድሜ ይስጥሽ ያልኩትን አደራ እንዳታልፊው።

እናትሽ

ይህን ደብዳቤ ለልጄ ይዘሽላት የምትሄጂው የሥራ ባልደረባዋ፣ እናንተም አብራችኋት የምትኖሩት፦ እሷ ብታነበውም ባታነበውም እናንተ አንብቡት፤ ፈቅጃለሁ። ብቻዋን አትተዉአት፣ ሌሊትም ቢሆን። በየሃይማኖታችሁ ለወንድሟ ነፍስ ጸልዩለት፤ ሰው አስቀይሞ የማያድር ልጅ ነበር። ስትጸልዩ ስሙን እሷን ጠይቋት። በአፏ ትንገራችሁ፣ ከዚያ አብራችሁ ጸልዩ።