ከመሃል የገባንበት ፊልም

ለምወድህ ወንድሜ ዊልበር፣

እንደምን ከረምክ? ወገብህስ ተሻለህ? የነብራስካ ብርድ እስር ቤት ውስጥ እንደሚብስ ስለማውቅ ብርድ ልብስ ጨመሩለት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኔና ባሌ መርል ደህና ነን። እማዬም እዚሁ እኛ ጋ ናት፤ ጉልበቷ አላስቆም ቢላትም ምላሷ ግን ደህና ነው።

ጠበቃህ፣ ከገና በዓል በፊት ምሕረት የሚሰጠው ቦርድ ፊት ቀርቦ የሚናገርልህ ዘመድ ካልተገኘ የሞት ፍርዱ እንደሚጸና ጽፎልኛል። ለእማዬ ብነግራት፣ «ሄደሽ ብታለቅሺለት የገደለው አሠሪው ይነሳል? ለዚያች ባሏን ለቀበረችውስ ማን አለቀሰላት?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ቅዳሜ መርል፣ «ፊትሽ ደመና መስሏል፤ ተነሺ» ብሎ ሲኒማ ወሰደኝ። ፊልሙ ቀኑን ሙሉ እየተደጋገመ ስለሚታይ መቼም ሰዓት አይተን አንሄድም፤ ከመሃል ገባን። አንድ ሾፌር በሴት ፍቅር ታውሮ የገደለውን ባልደረባውን በዝናብ ይጎትታል። ሴቲቱ ውሸታም፣ መርማሪው ጉቦኛ፤ አንድም ንጹሕ ሰው የለበትም። ግን ዊልበር፣ የመስኮቱ መጋረጃ ጥላ የሾፌሩን ፊት ሲሸነሽነው ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። በጥይት ሲወድቅ ከኋላችን ያለች ሴትዮ «ይበለው፣ እባብ!» አለች። እኔም በሆዴ ይበለው አልኩ።

ከዚያ ፊልሙ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ያው ሰውዬ እጅጌውን ሰብስቦ ለታመመች አከራዩ ሰሃን ያጥባል፤ ሊያስቃት በዚያ አስቀያሚ ድምፁ ይዘፍናል። እነዚያ እጆች ምን እንደሚሠሩ አስቀድሜ አይቻለሁ። ስልኩ ሲጮህ ያቺ ውሸታም ሴት መሆኗ ገብቶኝ «አታንሳው!» ልል ምንም አልቀረኝ።

መርል ባርኔጣውን አንስቶ፣ «እዚህ ጋ ነው የገባነው፤ በይ እንሂድ» አለ።

«ቁጭ በል።»

«አንቺ ሴት፣ መጨረሻው ያው ነው እኮ! ይሞታል።»

«አውቃለሁ። ቁጭ በል አልኩህ!»

ደግሞ ሞተ። አዲስ የገቡትም ይበለው አሉ። እኔ ግን አለቀስኩ። ነፍሰ ገዳይነቱን አልረሳሁለትም፤ ግን ሲዘፍንም ሰምቼዋለሁ።

እነዚያ የቦርዱ ሰዎችም ከመሃል የገቡ ናቸው። አንተን ከመጀመሪያው ያየሁህ እኔ ነኝ። ልጆች ሳለን፣ በዚያ በረዶ ክረምት የአባዬን ካፖርት ሰርቀህ በብርድ ለደነዘዘች ጥጃ አልብሰህ፣ ምድጃው ሥር አቅፈሃት ተኛህ። አባዬ ሲቆጣ ደግሞ «ኦፓል ናት የወሰደችው» ብለህ እኔን አስገረፍከኝ። ሁለቱንም እነግራቸዋለሁ። የሟች ሚስት ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። ቢሆንም እመጣለሁ። ያድንሃል ብዬ ግን አልዋሽህም።

መርል ሰላም ብሎሃል። አብሮህ ለታሰረው ለሽማግሌው ለሩፉስ፣ ለቄሱም፣ ትርፍ ሾርባ ለሚጨልፍልህ ወጥ ቤትም ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እማዬ ሰላም በይልኝ አላለችም። ቦርዱ ፊት የምናገረውን ስነግራት ድንቿን መላጧን አላቆመችም። ዛሬ ጠዋት ግን ቀና ሳትል፣ «ያቺ ጥጃ ተርፋ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ረስቼዋለሁ። አንተ የምታስታውስ ከሆነ፣ እባክህ ለእሷ ጻፍላት።

እህትህ ኦፓል
ሎስ አንጀለስ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 1947