ነፋስ የጠፋባቸው ሳምንታት

ማክሰኞ፣ ሰኔ 9

ለምወድህ ልጄ፣

ደብዳቤህ መርከባችሁ ካረፈችበት ወደብ ተነሥቶ ትናንት ደረሰኝ። ደኅና መሆንህን ስላወቅኩ ተመስገን ብያለሁ። እኔም ደኅና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። አባትህን ከቀበርን ወዲህ ግን እንባ የሚባል ነገር አልወጣ ብሎኛል። አክስትህ «አልቅሺ እንጂ፣ ሆድሽ ውስጥ አታስቀሪው» እያለች ትቆጣኛለች። ቁጭ ብዬ እሰማታለሁ። ትናንት ሻይ አፍልቼ ለሁለት ሰው ቀዳሁ፤ ሁለቱንም ጠጣሁና ብርጭቆዎቹን አጠብኩ።

«አባዬ እንደ ልማዱ ግዴለሽ ሆኖ ነው የሞተው» ብለህ ጽፈሃል። ተናደህ እንደሆነ ይገባኛል። ቀብሩ ላይ አልደረስክም፣ የሰማኸውም በሚቆራረጥ ስልክ ነው። ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና አረጋግቼ ልንገርህ። ሌላው ሰው ያሻውን ይበል፤ አንተ አባትህን በዚህ ስም ይዘኸው እንድትኖር አልፈልግም።

ሥራችንን ታውቀዋለህ። አባትህ በጀልባ ወሽመጡ መሐል ገብቶ ጠርሙሱን በገመድ ያወርድና ውሃ ይዞ ይመጣል። እኔ አዮዲን ጠብ አድርጌበት እስኪዘቅጥ አቆየዋለሁ፤ ከዚያ በዓይን የማይታዩትን ጥቃቅን ፍጥረታት በማይክሮስኮፕ እለያለሁ። አርቢዎቹ ባሕር ውስጥ በገመድ አንጠልጥለው ለምግብ የሚያረቡት የዛጎል ሥጋ ከተማ ተልኮ እስኪመረመር ስለሚዘገይ፣ ውሃው ውስጥ ዛጎሉ ሲበላቸው ሥጋውን የሚመርዙት ፍጥረታት ካልታዩ አረንጓዴው ሰሌዳ ጣቢያው በር ላይ ይሰቀላል፤ አርቢዎቹም ዛጎላቸውን አውጥተው ይሸጣሉ። አባትህ «የጉድፍ ዳኛ» ይለኝ ነበር። «ዛሬስ ማንን አሰርሽ፣ ማንን ፈታሽ?» እያለ ይነዘንዘኝ ነበር።

ነፋስ ሲኖር ባሕሩ ይማሰላል። የታችኛው ቀዝቃዛ ውሃ ምግቡን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የሚበዙት የመስታወት ቅርፊት ያላቸው ናቸው። መዋኘት ስለማይችሉ ውሃው ካልተማሰለ ድስት ውስጥ እንደ ተረሳ የሾርባ እህል ይዘቅጣሉ። ማንንም አይጎዱም፤ ዛጎሉም የሚወፍረው እነሱን በልቶ ነው። ዘንድሮ ግን ወንዙ በዝናብ ሞልቶ ጨው የሌለው ውሃ ባሕሩ ላይ ተኛ። ከዚያ ነፋሱ ጠፋ፣ ፀሐዩም ላይ ላዩን አሞቀው። ሙቁ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ሆነው ተለያዩ። ባለመስታወቶቹ ሰመጡ፤ ተራው የባለጅራቶቹ ሆነ። እነሱ ዋናተኞች ናቸው፤ ለምግብ ወደ ታች፣ ለብርሃን ወደ ላይ እያሉ ይኖራሉ። መርዙ ያለው ከእነሱ ዘንድ ነው።

ባለመስታወቶቹ ሲመናመኑ በማይክሮስኮፑ አይቻለሁ። መርዘኞቹን ግን አንድም አላየሁም፤ ውሃው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። ሰሌዳው ተሰቀለ።

ሰሌዳው በተሰቀለ ቁጥር አባትህ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ። የመጀመሪያውን ድስት ጀልባ ማቆሚያው ላይ ቀቅሎ በሰው ፊት ብቻውን ይበላል። እሱ በልቶ እስኪቆይ ቅርጫት አይነሣም፣ ነጋዴም አይቀርብም። «ሚስቴ ፈርዳለች፣ እኔ እበላለሁ» ይላል። አንተ ሆዳምነቱ ይመስልህ ነበር፤ ትስቅበት ነበር።

ያን ቀንም በላ። ትንሽ ቆይቶ «ከንፈሬ ደነዘዘ» አለ። አናጢው ጎረቤታችን «ወሬ ስታበዛ ነዋ!» ሲለው ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ቀጥሎ ጣቶቹ ማንኪያውን መያዝ አቃታቸው። ያን ጊዜ ሳቁን ትቶ «ቅርጫቱን መልሱት፣ ማንም እንዳይቀምስ» አለ። ምላሱ እስኪተሳሰር ድረስ ይህንኑ ደጋገመ። ሮጬ ስደርስ ዓይኑ ያየኛል፣ አፉ ግን እሺ አላለውም። ሐኪም ቤት ሳንደርስ ትንፋሹ ቆመ። እጁን ይዤው ነበር።

ከእሱ በቀር ማንም አልበላም። የአክስትህ ልጆች ሳህን ይዘው አጠገቡ ተራ ይጠብቁ ነበር። ግዴለሽ ያልከው ሰውዬ ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት ኃላፊያችን ቢሯቸው ጠሩኝ። ወንበሩን ራሳቸው ስበው አስቀመጡኝና «እህቴ፣ ምናልባት ባለቤትሽ ጠርሙሱን ሲያወርድ ገመዱን አሳጥሮት ይሆን? እንደዚያ ብለሽ ብትጽፊ ለጣቢያውም ለአንቺም ይሻላል። እሱ እንደሆነ አንዴ ሄዷል፤ ምንም አይጎዳውም» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ፈርተው ነው። ልቆጣ ፈለግኩ፤ ቁጣውም እንደ እንባዬ እምቢ አለኝ። «መጀመሪያ ውሃውን ልየው» ብቻ አልኳቸው።

በማግስቱ አናጢው ቀዘፈልኝ። መንገዱን ሙሉ ዓይኑን ከመቅዘፊያው አላነሣም፤ ያቺ ቀልዱ ከብዳዋለች መሰለኝ። የአባትህን ገመድ ለካሁት። ጠርሙሱ የት ድረስ እንደሚወርድ የሚያመለክተው ቋጠሮ የጣቢያው መመሪያ ባዘዘው ጥልቀት ላይ ነው፣ ጣት ታህል አልተዛነፈም። ነፋሱ እስካሁን አልተመለሰም፤ ባሕሩም እንደዚያው እንደ ተኛ ነው። ጠርሙሱን ቋጠሮውን አሳልፌ ደረጃ በደረጃ ወደ ታች አወረድኩት። ላይኛው ውሃ ባዶ ነው። ከቋጠሮው በታች ግን፣ ሙቁና ቀዝቃዛው በሚገናኙበት፣ የዛጎሎቹም ገመድ በተንጠለጠለበት፣ አንድ ክንድ በማትሞላ ስስ ንጣፍ ውስጥ ታጭቀው አገኘኋቸው። አዮዲን ሳልጨምር በሕይወታቸው አየኋቸው። አራት አራት ሆነው ተያይዘው ይዋኛሉ። ልጠላቸው ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ውሃው የፈቀደላቸውን ነው ያደረጉት።

መመሪያው የተጻፈው ለሚማሰል ባሕር ነው። አባትህም እኔም የታዘዝነውን ሠርተናል። ያገኘሁትን ጻፍኩ፣ ገመዱ ልክ እንደነበረም ጨምሬ ፈረምኩበት። ኃላፊው አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «እንግዲያ የማንም ጥፋት አይደለማ» አሉ። ይህን ስሰማ የሚቀልለኝ መስሎኝ ነበር። አልቀለለኝም። የሥራ ጋዎኔን ሰቅዬ ወደ ቤት ሄድኩ።

ልጄ፣ ሰው ሲሞትብን የምንቆጣው ሰው እንፈልጋለን። እኔም ፈልጌ አጣሁ። አንተ ካስፈለገህ እኔ አለሁልህ፤ ሰሌዳው የተሰቀለው በእኔ ቃል ነው። በእኔ ላይ ተቆጣ፣ እችለዋለሁ፤ አሁን ምንም ነገር አያመኝም። አባትህን ግን ተወው። አንተ ገና ሕፃን እያለህ፣ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ ሰዉ ማይክሮስኮፕ ታያለች ብሎ የማንንም ሴት ቃል አያምንም ነበር። ያን ድስት መቅመስ የጀመረው ያኔ ነው፤ እንዲያምኑኝ ብሎ።

እግርህ የብስ እስኪረግጥ አምላክ ከአጠገብህ አይለይ። ባሕሩ ይታዘዝልህ፣ ወዳጅ አያሳጣህ።

የምትወድህ እናትህ